ሙሉጌታና መርዶ ነጋሪው ኮምፒውተር

የሙሉጌታን መሞት የሰማሁት ከአራት ሰው ነው፤ አራቱም የየራሳቸውን ሙሉጌታ ገደሉልኝ። አንዷ በስኳር ነው አለችኝ። አንዷ የለም በልብ ነው አለች። ሦስተኛው ሥራ ቦታው ወድቆ ነው ብሎ ማለልኝ። አራተኛው ደግሞ፣ እግዜር ይይለትና፣ «እማማ፣ ማን ሞተ አለዎት? ስልኩ ቻርጅ አልቆበት ነው» አለኝ። ሙሉጌታ ይህን ቢሰማ ኖሮ ሁለተኛ ይሞት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ «አንድ ወሬ፣ ከአንድ ምንጭ፣ በአንድ ጊዜ» እያለ ሲያደርቀን የኖረ ሰው፣ የራሱ ሞት አራት ዓይነት ሆኖ ወጣ።

የሞተው በእንቅልፉ ነው። እርግጡን የነገረኝ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተካ ነው። ጋሽ ተካ ሲናገር ይረዝማል እንጂ አይዋሽም።

እንግዲህ እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ፣ ፊደል ካረጀሁ በኋላ የቆጠርኩ ሴትዮ ነኝ። ነገሬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ታገሡኝ። ስለ ሙሉጌታ በቀጥታ መናገር አይቻልም፤ እሱ ራሱ ቀጥታ አልነበረም። «ሁለት ነገር ብቻ ነው የምናገረው» ብሎ ይነሣና አምስተኛው ላይ ስንደርስ «ወደ መጀመሪያው ልመለስ» ይላል።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ወገቡ ላይ ሦስት ስልክ የታጠቀ ሰው ነበር። አንዱ የሥራ፣ አንዱ የእድር፣ ሦስተኛው «መጠባበቂያ» ነው። ማን ሊደውልለት እንደሚጠባበቅ አይታወቅም። እዚህ አሜሪካ፣ መሀል ሚኒያፖሊስ ካሉት ፓርኪንጎች በአንዱ፣ ከመስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ይቀበላል። አገር ቤት ሳለ ስልክ ቤት ሠርቷል ይባላል። አንዳንዱ «ኢንጂነር» ይለዋል። እሱ ኢንጂነር ነኝ ብሎ አያውቅም፤ ሰው ሲለው ግን አያርምም። አንድ ክረምት በሥራው በኩል ለአንድ ሳምንት ሴሚናር ላኩት። ስለ መረጃ አያያዝና ስለ መገናኛ መረብ የሚያስተምር ነው አሉ። ሲመለስ ሰርተፍኬት ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም አላየንም።

ክብ መሣል ጀመረ። ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ክብ ይሥላል፤ ክቡን ከክብ ጋር በመስመር ያገናኛል። ናፕኪን ላይ ይሥላል። ልጄ አልማዝ ወደ እድር ስብሰባ ስትወስደኝ መኪናችን መስታወት ላይ ያለው ውርጭ ላይ በጣቱ ሣለበት። እኛ ብርድ ሊገድለን ነው፤ እሱ «አያችሁ እማማ፣ ይሄ ሆፕኪንስ ነው፣ ይሄ ሪችፊልድ ነው፣ ይሄ ኩን ራፒድስ ነው» ይላል። አልማዝ ማሞቂያውን ብትከፍተው ሦስቱም ከተማ ቀልጦ ፈሰሰ።

የዚያን ቀን ስብሰባ ላይ ነው የተነሣው። ነጭ ሰሌዳውን አቆመና፣

«ወገኖቼ፣ የእኛ ችግር የወሬ እጥረት አይደለም» አለ።

እሱስ ልክ ነው።

«የእኛ ችግር አያያዝ ነው። ኢንፎርሜሽን ማኔጅመንት የለንም። አንድ ሰው ሲታመም ግማሻችን ሁለቴ እንሰማለን፣ ግማሻችን ሲድን እንሰማለን።»

ሰሌዳውን በክብ ሞላው። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ለብቻዋ የተንጠለጠለች ትንሽ ክብ አየሁና፣

«ይቺ ምንድነች ልጄ?» አልኩት።

«ኖድ ነች እማማ።»

«ኖድ ማለት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔማ እዚህ ተቀምጫለሁ።»

«በኔትዎርኩ ውስጥ ማለቴ ነው። እርስዎ የመጨረሻ ኖድ ነዎት። ወሬ ይደርስዎታል፤ ከእርስዎ ግን ወደ ማንም አይሄድም።»

«ከእኔ ወሬ አይወጣም?» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አልማዝ ግንባሯን ይዛ ሳቀች፤ እሷ ታውቀኛለች።

መሀል ላይ ደግሞ ትልልቅ ክቦች አሉ። «ሃብ» ይባላሉ፤ ብዙ መስመር የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ናቸው። ይህን እንደተናገረ ስብሰባው ተበላሸ። ሃብ ያልሆነ ሰው ሁሉ ተቀየመ። በተለይ ዘነበች። ዘነበች ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሮጊት ሽማግሌ የምትጦር፣ ኩን ራፒድስ የምትኖር፣ ልቧ ወርቅ፣ አፏ ግን ማረፊያ የሌለው ሴት ናት።

«እኔን ነው ከዚያች በታች ያደረግከኝ? እኔን?»

«ዘነበች፣ በታችና በላይ አይደለም። አቀማመጥ ነው።»

«ታዲያ አቀማመጥ ከሆነ እሷን ከታች አስቀምጣት!»

ሃብ አደረጋት። ሌላዋም ጮኸች፣ እሷንም ሃብ አደረጋት። ስንወጣ ከእኔ በቀር እድሩ ሁሉ ሃብ ሆኖ ነበር።

በእነዚያ መስመሮች ወሬ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍበታል የተባለው ሰንሰለት አልሠራም። መስመሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይጨምርበታል። ከሪችፊልድ ልደት ተብሎ የተነሣ ጥሪ እኛ ዘንድ ሆፕኪንስ ሲደርስ ክርስትና ሆኗል። ነጭ በነጭ ለብሰን፣ የአንገት ሀብል ይዘን ሄድን። ሕፃን ስንጠብቅ የሃምሳ ዓመት ሰውዬ ሻማ እፍ አለ። ሙሉጌታ በጣም አዘነ። «ጥፋቱ የሰው ነው» አለ፤ «ሰውን ከመሀል ማውጣት አለብን።»

ያወጣውም እንደዚህ ነው። ኮምፒውተር አመጣ። አንድ ቁጥር አለ፤ እዚያ ላይ ደውሎ መልእክቱን የሚናገር ሰው ይናገራል። ኮምፒውተሩ ያንን ድምፅ ይዞ ለእድርተኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይደውላል። ሰንሰለት የለ፣ ሃብ የለ፣ ቅያሜ የለ። ጥሩ ነው አልን። የሞከረበት ሰዓት ነው ያስጨረሰን።

እሑድ ነው፤ ክረምት ነው፤ ገና አልነጋም። የቤታችን ስልክ ጮኸ። እንግዲህ በእኛ ሰው ዘንድ ሳይነጋ የሚደውል ስልክ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያወራው። እኔ ስልኩ ሳይነሣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሻለሁ። አልማዝ አንሥታ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። የሙሉጌታ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ከብዶ፦

«ወገኖቼ። እንደምን አደራችሁ። በታላቅ አክብሮት የማሳውቃችሁ…»

ዝም አለ። ኮምፒውተሩ እዚያ ላይ ማረፍ ይወዳል። ያ ዕረፍት የአንድ ዓመት ያህል ረዘመ። አልማዝ ግድግዳውን ተደገፈች፤ እኔ ደረቴን ይዣለሁ፤ የልጅ ልጄ ቤቲ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ «ግራንድማ፣ ሁ ዳይድ?» እያለች ማን እንደሞተ ትጠይቀኛለች። ከዚያ በኋላ፦

«…ይህ ሙከራ መሆኑን ነው።»

እኛስ ደህና ነን። ኩን ራፒድስ ዘነበች ያንን ዕረፍት አልጠበቀችም። «እንደምን አደራችሁ» ሲል ስልኩን ወርውራ እሪ ብላለች። ጎረቤቶቿ ሴት እየተገደለች መስሏቸው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሱ መጥቶ ማን ሞተ ይላታል፤ አላውቅም ትላለች። የት ሞተ ይላታል፤ አልነገሩኝም ትላለች። ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ ሲላት «ገና ሊነግሩኝ ነው» አለችው። እንዲያውም ሻይ አፍልታ አጠጣችው ይባላል፤ ይህን ዘነበች ራሷ ስለነገረችኝ ግማሹን ነው የማምነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሙሉጌታን ሊበሉት ደረሱ።

«ለምን በማለዳ?» አለው ጋሽ ተካ።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚገኝበት ሰዓት እሱ ነው። ዳታው የሚያሳየው ይህንን ነው።»

«ዳታው ለቅሶ ደርሶ ያውቃል?»

የሙሉጌታ ነገር ግን ሽንፈት አያውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። ከእንግዲህ ማንኛውም መልእክት ከመውጣቱ በፊት በእሱ ጆሮ ያልፋል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ለእሱ ይደውላል፤ እሱ ያዳምጣል። አንድን ከተጫነ መልእክቱ ለሁሉም ይወጣል። ሁለትን ከተጫነ ይጠፋል። ሦስትን ከተጫነ ወደ ተናጋሪው ይመለሳል፤ «መልእክትዎ አልተሟላም፤ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ጨምረው እንደገና ይናገሩ» የሚል፣ እሱ ራሱ የቀዳው ድምፅ ይዞ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ሃብ ማን እንደሆነ የገባን።

ሦስትን ሲወዳት! ምስኪን ጋሽ ተካ አንድ የማኅበር ቀን ለማስታወቅ ከአዳም ነው የሚነሣው፤ ቀኑን ሳይናገር ጊዜው ያልቅበታል። ሲመለስበት፣ ደግሞ ሲናገር፣ ደግሞ ሲመለስበት ይውላል። አንድ ጊዜ በንዴት ስልኩን ይዞ «አንተ ሙሉጌታ፣ እኔ ይህን እድር ስመሠርት…» ብሎ የጀመረው ስድብ ተመልሶ መጣበት፤ አልተሟላም ተብሎ።

ዘነበችን ግን ምክትሉ አደረጋት። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር ማስገባትና ማውጣት አስተማራት። ከዚያ ወዲያ በአጠገቧ ማለፍ አልተቻለም። «ሲስተሙ ውስጥ ላይሽ» ትላለች፤ አንድ ነገር ብትጠይቋት፣ ሲስተሙ ውስጥ ታያችኋለች።

እኛም ሰነፍን። ድሮ የሰው ቁጥር በቃሌ ነበር የማውቀው፤ ፊደሉን ሳልቆጥር ቁጥሩን አውቅ ነበር። አሁን ማን የማንን ቁጥር ይይዛል? ኮምፒውተሩ ይዞልናል። አጠገቤ የምትኖር ሴት እንኳ ስትታመም የሰማሁት በኮምፒውተር ነው። ሙሉጌታ በዚህ ይኮራ ነበር።

ከእሱ ጋር የማልስማማበት ዋናው ነገር ግን መርዶ ነው። እዚህ ላለ ሰው አገር ቤት ዘመድ ሲሞትበት፣ ባለቤቱ ሳይሰማ እኛ ሰምተን፣ ተሰባስበን፣ የሚበላ የሚጠጣ ይዘን፣ ቅዳሜ ማለዳ ከሥራ በሚያርፍበት ቀን ሄደን፣ ቁጭ ብለን፣ ይዘነው እንነግረዋለን። ይህ ሙሉጌታን ያንገበግበው ነበር።

«እማማ፣ ከተማው ሁሉ እያወቀ ሰውየው ብቻ ሳያውቅ ሲስቅ መዋል ምን የሚሉት ነው? ይሄ የመረጃ አፈና ነው።»

«አፈና አይደለም ልጄ። ሰው እስኪሰበሰብለት ነው።»

«መረጃ ሲዘገይ እንደ ወተት ይበላሻል።»

«ወተትማ ሲዘገይ ይረጋል።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ቆመና፣ «እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር ቢገጥመኝ በስልክ ንገሩኝ። በአንድ ዐረፍተ ነገር። ቤቴ መጥታችሁ ጊዜ አታባክኑ» አለ። ሁላችንም ሰምተነዋል።

ይህን የሚለው ሰው እናት ነበሩት። እሑድ እሑድ ይደውልላቸዋል። አንድ ቀን ስብሰባ መሀል ደወሉለት፤ ሴትዮዋ ስልክ ሲያወሩ ከአዲስ አበባ ያለ ስልክ የሚያሰሙ ይመስል ይጮሃሉ። «ብርድ ልብስ ደርበሃል? ማነው የሚያበስልልህ? ያቺ የጎረቤታችን ልጅ ወለደች፣ ላሟም ወለደች» ይላሉ፤ ሁላችንም እንሰማለን። እሱ «እማዬ፣ አጭር አድርጊው፤ እማዬ፣ ዋናውን ንገሪኝ» ይላል። ዋና የሚባል ነገር የላቸውም። እሱም አይዘጋም። ሰሌዳው ላይ ያለው ክብ እስኪደርቅ፣ እኛ እስክንሰለች፣ ማርከሩን እንደያዘ ቆሞ የላሟን ወሬ ሰማ።

እኒያ እናት ሞቱ።

ዘመዶቹ ከአዲስ አበባ የደወሉት ለእሱ አይደለም፤ ለጋሽ ተካ ነው። እነሱም ያው የእኛው ሰዎች ናቸው። ጋሽ ተካ አልማዝን፣ ዘነበችንና እኔን ጠራን። ማክሰኞ ነው። ምን እናድርግ?

«በስልክ ንገሩኝ ብሏል» አለች አልማዝ።

«ብሏል» አለ ጋሽ ተካ። «ሰው ብዙ ነገር ይላል።»

ሙሉጌታ እዚህ አገር ማንም የለውም። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች፤ ልጅ የለ፣ እህት ወንድም የለ። በዚያ መስታወት ጎጆ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ ወይም ቤቱ ብቻውን ቆሞ፣ «እናትህ ሞተዋል» የሚል ስልክ ይስማ? ሁላችንም ዐይን ለዐይን ተያየን። ቅዳሜ ማለዳ እንዲሆን ቆረጥን። እስከዚያ ጆሮው እንዳይሰማ።

ቀላል ይመስላል። ግን እድርተኛውን እንዴት እንሰብስብ? ከእኛ ከአራታችን በቀር የማንም ቁጥር የለንም! ሁሉም በእሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ዘነበች ደረቷን ነፋች።

«ለእኔ ተዉት። ከሲስተሙ የእሱን ቁጥር ላውጣና ለቀረው ሁሉ ልላክ። አንድ ሰው ብቻ አይደርሰውም።»

ተደነቅን። ጋሽ ተካ ጭንቅላቷን ስሞ መረቃት።

ረቡዕ ማታ እራት እየበላን ስልኩ ጮኸ። ዘነበች ናት፤ ድምፅዋን ለማሳነስ ትሞክራለች፤ አልቻለችበትም፦ «ወገኖቼ፣ የወንድማችን የሙሉጌታ እናት ዐርፈዋል። እሱ አልሰማም። ማንም እንዳይነግረው፣ አደራ። ቅዳሜ ማለዳ እንነግረዋለን። ቤቱ ሪችፊልድ ነው…» ብላ መንገዱን፣ ሕንፃውን፣ የበሩን ቁጥር ተናገረች። ጥርት ያለ መልእክት ነው። አልማዝ ዐይኗን ጠረገች። ቤቲ «ሂ ዳዝንት ኖው? ዛትስ ሶ ሚን» አለች። እሱ ራሱ አያውቅም? ጨካኞች ናችሁ ማለቷ ነው። ዝም ብለሽ ብይ አልኳት።

ሳህን እያጠብኩ ነው ነገሩ ድንገት የመጣልኝ። እጄን ሳላደርቅ ዘነበች ጋ አስደወልኩ።

«ዘነበች፣ ይሄ መልእክት ከመውጣቱ በፊት በማን ጆሮ ነው የሚያልፈው?»

«በ…» አለችና ቆመች። ዘነበች ዝም ስትል የሰማሁት በዚያን ቀን ብቻ ነው። «ወይኔ እማማ! ወይኔ ጉዴ! እኔ ያወጣሁት ከሚደወልላቸው ነው፤ ማሳለፊያውን…»

«ረጋ በይ። ምናልባት ሳያዳምጥ አንድን ተጭኖት ይሆናል።»

«እማማ…» እያለቀሰች ነው። «መጀመሪያ የላክሁትን ኮምፒውተሩ መልሶብኝ ነበር እኮ። አልተሟላም አለኝ። እውነትም ቤቱን ሳልናገር ረስቼዋለሁ። ጋሽ ተካ አዲስ አበባ ያሉትን የሙሉጌታን ዘመዶች ጠይቆልኝ፣ ጨምሬበት ነው እንደገና የላክሁት።»

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ነው የመለሰብሽ?»

ሦስትን የሚጫነው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጋሽ ተካን ነገርነው። ከዚያ፣

«ሰማሁ ብሎናል?» አለ።

«አላለንም።»

«ሰማሁ ያላለ ሰው አልሰማም። ቅዳሜ እንሄዳለን።»

አልማዝ የምትሠራው ከእሱ ፓርኪንግ አጠገብ ነው። ዓርብ ሆን ብላ እዚያ አቆመች። ጢሙ አድጓል፤ ሌላ የተለየ ነገር የለውም። «እንደምን ነሽ አልማዝ? እማማ ደህና ናቸው?» አላት። ደህና ናቸው አለችው። ትኬቷን ተቀብሎ፣ የመውጫውን ማገጃ ሳይከፍት፣

«ነገ ሥራ ትገቢያለሽ እንዴ?» አላት።

«አይ፣ አልገባም።»

«ጥሩ» አለና ከፈተላት።

ልጄ ያንን መኪና እንዴት ነድታ ቤት እንደደረሰች አላውቅም።

ቅዳሜ ሪችፊልድ ስንደርስ ገና ድንግዝግዝ ነው። በረዶው ላይ መኪናዎቹ መብራት አጥፍተው ተደርድረዋል። ሰው ትሪና ድስት ይዞ፣ በነጠላ ተሸፋፍኖ ይንሾካሾካል። ያ ሁሉ ሕንፃ ከነፎቁ ተኝቷል፤ እኛ እንደ ሌባ በጣታችን ወጣን። ጋሽ ተካ በሩን አንድ ጊዜ ነካ አደረገው። አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር።

ሙሉጌታ ጥቁር ሱፍ ለብሶ መሀል ቤት ቆሟል። ከኋላው ወንበር ነው። የእድሩ ወንበሮች፣ እነዚያ የሚታጠፉት፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደርድሯቸዋል፤ ለሽማግሌዎች ደገፍ ያለውን ከፊት፣ ለእኔ ጉልበት የሚሆነውን በማሞቂያው በራዲያተሩ በኩል። የሰው መተላለፊያ እንኳ ትቷል። ወንበሮቹን ያየ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ጋሽ ተካ ወንበሮቹን ዐየ፤ ሙሉጌታን ዐየ።

«እንግዳ ነበረብህ እንዴ?»

«የለም ጋሼ። ልጠርጋቸው ብዬ ነው።»

«ጎበዝ» አለ ጋሽ ተካ፤ ከፊት ተቀመጠ።

ዘነበች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁም፤ እሷም የለየች አይመስለኝም።

ከዚያ ጋሽ ተካ ጀመረ። ከብርዱ ጀመረ። ወደ መንገዱ ሄደ። ከመንገዱ ወደ ራሱ አባት፣ ከአባቱ ወደ ልጅነቱ፣ ከልጅነቱ አንድ ወንዝ ሞልቶ ያሳደረው ቀን ላይ ደረሰ። እኔ የሙሉጌታን እጅ ነው የማየው። ይህ ሰው የጋሽ ተካን ነገር ሰምቶ ጨርሶ አያውቅም፤ አሁን «ዋናውን ንገሩኝ ጋሼ» ይላል ብዬ ፈርቻለሁ። አላለም። ጋሽ ተካ ወንዙ ላይ ደክሞት ቆም ሲል፣ ሊጨርስ ሲመስል፣ ሙሉጌታ ቀና አለና፣

«ከዚያስ ጋሼ?» አለ።

ጋሽ ተካም ወንዙን አሻገረው። ከወንዙ ማዶ አንድ ቤት ነበረ፤ እዚያም አሳደረን። ሙሉጌታ እያንዳንዷን ቃል አፍ አፉን እያየ ሰማ። መስኮቱ ነጣ። ያን ጊዜ ጋሽ ተካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ ሙሉጌታ፣ እናትህ…» አለ።

ጨርሶ አልተናገረውም። ሙሉጌታ ወደቀ። ወንዶቹ ያዙት። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ ቀጭን ደረት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። አስመስሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አውቆ እንዴት እንደዚያ ያለቅሳል የሚሉ። እዚያ ያልነበሩ ናቸው። እኔ ከራዲያተሩ አጠገብ ሆኜ ፊቱን አይቻለሁ። ያ ሰው የሰማው ያን ጊዜ ነው።

ከአርባው በኋላ በነበረው ስብሰባ ሙሉጌታ ሰሌዳውን አቁሞ ተነሣ። ለሰው ሁሉ ምስጋና ያቀርባል ብለን ጠበቅን። «ሁለት ነገር ብቻ ነው የምናገረው» አለ። «አንደኛ፣ ሲስተሙ በሚገባ ሠርቷል።» ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ዓይነ ደረቅ! አምስተኛው ላይ ሲደርስ አልማዝ ካፖርቴን አመጣችልኝ።

ሲያበቃ ግን ከኋላዬ መጥቶ ደረጃውን ሊያወርደኝ ክንዴን ያዘ። ጉልበቴ ቀስ ስለሚል ብቻችንን ቀረን።

«አንተ ልጅ» አልኩት፤ «ሁለትን ብትጫን መልእክቷ ትጠፋልህ አልነበር ወይ? ለብቻህ ታውቅና፣ እንደፈለግከው በአንድ ዐረፍተ ነገር ትጨርሰው ነበር።»

«ጣቴ ሁለት ላይ ነበር እማማ። ብዙ ቆየሁ።»

«ታዲያ ሦስትን ምን አስነካህ? እናቱ የሞተችበት ሰው የሰው ዐረፍተ ነገር ያርማል?»

ደረጃው መሀል ቆመ። እኔን ሳይሆን በረዶውን እያየ ነው የመለሰልኝ።

«ዘነበች ቤቱ የት እንደሆነ አልተናገረችም እኮ እማማ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ቤቴ የመጣ ሰው አለ? በሬን ማን ያውቀው ነበር?»